ዳንቴል የማይነጠፍበት መስኮት

እናቴ ከአቃቂው አሮጌ ሰፈራችን ወደ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባች ዕለት ከዕቃው ሁሉ ያስቸገረን ቴሌቪዥኑ ነበር። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ባለ ሃያ አንድ ኢንቹን ሆዳም ቴሌቪዥን ሁለት ወጠምሻ ተሸካሚዎች በአንሶላ ጠቅልለው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው፣ በየደረጃው መታጠፊያ እያረፉ ወጡ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ከኋላ ያለው ልጅ ላቡን በክንዱ ጠረገና፣

«እማማ፣ ይሄ ነገር አሁንም ይሠራል?» አላት።

«ካንተ ቀድሞ ነው የተወለደው፤ ቀስ አድርገህ ያዘው!» አለችው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሌላ ቴሌቪዥን ላከላት። ይህኛው ከአሮጌው በእጥፍ የሚበልጥ ስፋት አለው፤ ሆኖም እኔና የጎረቤት ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ ሳናርፍ አወጣነው። ከካርቶኑ ሲወጣ ሊያዩ የመጡት ጎረቤቶች ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን እየዞሩ ነበር የሚመለከቱት። የላይኛው ጠርዙ ከእርሳስ ይቀጥናል። ከመካከላቸው አንዷ ወይዘሮ በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ወይ ጉድ! ሆዱን የት አደረጉት?» አሉ። እናቴ ግን ዙሪያውን ካየችው በኋላ ያነሣችው ጥያቄ ሌላ ነበር።

«እንግዲህ ዳንቴሉን የት ላይ ላንጥፈው?»

ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። ያ ዳንቴል ለዓመታት የኖረው በቴሌቪዥኑ ራስ ላይ ነው። በዳንቴሉ ላይ የወላጆቼ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ አንዳንዴም የመብራት ደረሰኝ ይቀመጥ ነበር። አዲሱ ቴሌቪዥን ራስ የለውም፤ ጀርባም የለውም ማለት ይቻላል። ፊት ብቻ ነው። አንድ ዕቃ ፊት ብቻ ሆኖ ሲቀር ምን አተረፍን? ከእጃችንስ ምን ወጣ? «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ።

ከነፋስ ስልክ እስከ አቃቂ

የአገራችን ሰው ባዕድ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ስም ለማውጣት ሰንፎ አያውቅም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል አዲስ አበባ ሲገባ ማሳያውን «የሰይጣን ቤት» አለው። ያለ ሽቦ መልእክት የሚያደርሰው መሣሪያ ሲመጣ ደግሞ «ነፋስ ስልክ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ከመሀል ከተማ ወደ ቃሊቲና አቃቂ በሚወስደው አቅጣጫ ላለው ሰፈር መጠሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ይኖራል። በመጨረሻም ቴሌቪዥን መጣ። ሥዕሉ የሚታይበትን መስታወት «መስኮት» አለው። ዛሬም «በቴሌቪዥን መስኮት አየነው» እንላለን እንጂ በሌላ ስም አንጠራውም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አቃቂ የራሷ ድርሻ አላት። የአቃቂ ልጅ ስለሆንኩ ለትውልድ ቀዬዬ ማድላቴ አይደለም። የኢትዮጵያ ድምፅ በሬዲዮ ወደ ዓለም የወጣው ከዚችው ከባቡር ጣቢያና ከወንዝ ዳር ከተማ ነው። የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የሠራው ደግሞ አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ነበር። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ጣቢያ ለውጭው ዓለም ንግግር አደረጉ፤ የአገራቸውን ጉዳይ አስረዱ። ወሩ ሳያልቅ፣ መስከረም 22 ቀን፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

እስቲ አንባቢ ይህን ነገር አንድ አፍታ ያስበው። ማማውን ያቆመውና ማሽኑን የተከለው የጣሊያን ኩባንያ ነው፤ ማሽኑ ግን ጣሊያንን ለመክሰሻ ዋለ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። መሣሪያ የሠሪው ብቻ አይደለም፤ የሚያንቀሳቅሰውም ነው። ማን ሠራው ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ፣ በማን እጅ ነው፣ ማንስ ያውቀዋል የሚለው ይመጣል። ይህን ጥያቄ ይዘን እንዝለቅ፤ ወደ እናቴ ሳሎን ስንመለስ ያስፈልገናል።

የባለ ሆዱ ዘመን

ድምፅ ከአቃቂ ከተነሣ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሥዕል ከማዘጋጃ ቤት ተነሣ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት፣ ቶምሰን በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እርዳታ ሥርጭቱን ጀመረ። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ውስጥ ነበር። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለም እስኪመጣ ሃያ ዓመት ጠበቅን፤ እሱም የኢሠፓ ምሥረታና የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በተከበሩበት በ1976 መጨረሻና በ1977 ዓ.ም. መባቻ መጣ።

ያን ጊዜ የገቡት ቴሌቪዥኖች ሁሉ ሆዳሞች ነበሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1897 በሠራው የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሥዕሉን የሚጽፈው ከኋላ የሚተኮስ የኤሌክትሮን ጨረር ነው። ጨረሩ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ የፊቱን መስታወት ከዳር እስከ ዳር ለማዳረስ ርቀት ይፈልጋል። ውሃ በላስቲክ ቱቦ የሚያጠጣ አትክልተኛን አስቡት፤ ሰፊ መደብ ለማዳረስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ማለት አለበት። ስለዚህ መስኮቱ በሰፋ ቁጥር ሆዱ ይገፋል። ቱቦው ውስጥ ደግሞ አየር የለም፤ የውጭው አየር እንዳይጨፈልቀው መስታወቱ ወፍራም መሆን አለበት። ተሸካሚዎቹን ያላባቸው ይኸው መስታወት ነው።

እኔ ያደግሁት በዚህ ሆዳም መስኮት ፊት ነው። በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አካባቢ በነበረው ግቢያችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የእኛ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ባለ መዝጊያ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሳጥኑ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ በባለቤቷ በእትዬ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። የልጆች ፕሮግራም ሲደርስ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንደረደራለን። አባባ ተስፋዬ ሰላምታ ሲሰጡን በአንድ ድምፅ እንመልስላቸዋለን፤ የሚሰሙን ይመስለን ነበር። እኚያ ሰው ቴሌቪዥን ከተጀመረበት ዘመን አንሥቶ ለአርባ ዓመት ያህል የኢትዮጵያን ልጆች በዚያ መስኮት ሲያነጋግሩ ኖረዋል።

ሥዕሉ ሲንቀጠቀጥ እትዬ ተነሥተው ጎኑን በጥፊ ይሉታል። ይስተካከላል። በጥፊ እምቢ ሲል የሰፈሩ ጠጋኝ ይጠራሉ። ጠጋኙ የኋላ ክዳኑን ፈትተው ሆዱን ሲከፍቱት እኛ ልጆች ከፊቱ ይልቅ ኋላውን ለማየት እንጋፋ ነበር። አቧራ የጠገበ ሽቦ፣ ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ ካፓሲተሮች፣ የካውያ ጭስ። «እንዳትነኩ! መብራቱ ቢነቀልም ይመታል» ይሉናል። ሲዘጉት ይሠራል። ለእኛ ከአባባ ተስፋዬ ቀጥሎ ትልቁ ሰው እሳቸው ነበሩ።

እንግዲህ ያ ውፍረት ያመጣቸውን ነገሮች ልብ በሉ። ውድና ከባድ ስለነበረ በግቢው አንድ ብቻ ሆነ፤ አንድ ስለሆነም ሰው ሰበሰበ። ራስ ስለነበረው ዳንቴልና ፎቶግራፍ ተሸከመ። ሆድ ስለነበረው የሰው እጅ ይገባበት ነበር።

ሆዱ እንዴት ጠፋ?

የሚገርመው፣ እኛ ባለ ሆዱን በተቀበልንበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1964 ሆዱን የሚያጠፋው ፈጠራ ተወልዶ ነበር። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለኮምፒዩተር ትምህርት ማሳያ እንዲሆን ፕላዝማ የተባለውን ዝርግ መስኮት በዚያ ዓመት ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ አርሲኤ የተባለው ኩባንያ በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራ ማሳያ ይፋ አደረገ። ዛሬ ኤልሲዲ የምንለው የዚያ ዘር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ ዓመታት አዲስ አበባን የሞሉት «ፍላት» የምንላቸው ቴሌቪዥኖች አብዛኞቹ የዚሁ ወገን ናቸው።

ይሁን እንጂ ኤልሲዲ በራሱ አይበራም። ከኋላው መብራት አለ፤ ከፊት ያሉት ፈሳሽ ክሪስታሎች እንደ መስኮት መዝጊያ እየተከፈቱና እየተዘጉ ብርሃኑን ያሳልፋሉ ወይም ይከለክላሉ። መዝጊያው ግን ጥርቅም ብሎ አይዘጋም። በጨለማ ክፍል ውስጥ የሌሊት ትዕይንት ስታዩ ጥቁሩ ሰማይ አመድማ የሚመስለው ለዚህ ነው። ከኋላ መብራት፣ ከፊት መዝጊያ እስካለ ድረስ ደግሞ መቅጠኑም ልክ አለው።

ወንድሜ የላከው ዘር ኦሌድ ይባላል፤ ሲተነተን ኦርጋኒክ ብርሃን አመንጪ ዳዮድ ማለት ነው። እዚህ ላይ ኦርጋኒክ ሲባል በካርቦን ላይ የተመሠረተ ውህድ መሆኑን ለማመልከት ነው። በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል የተነጠፈው ይህ ውህድ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ራሱ ያበራል። ከኋላ ሌላ መብራት አያስፈልገውም። ልዩነቱን በአገራችን ምሳሌ ላስረዳ። ኤልሲዲ ከመጋረጃ ጀርባ እንደተለኮሰ አንድ ትልቅ ፋኖስ ነው። ኦሌድ ግን የትንሣኤ ዋዜማ ምእመናን እያንዳንዳቸው ጧፍ ይዘው እንደቆሙበት ቅጽር ግቢ ነው። አንዱ ጧፉን ቢያጠፋ እሱ የቆመበት ቦታ ብቻ ይጨልማል፤ የጎረቤቱ ይበራል። በአንድ «ፎር ኬ» በሚባል ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ ያሉ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉ። ጥቁር ማሳየት ያለበት ነጥብ ጭራሽ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥቁሩ ጥቁር ነው። ብርሃን የሚሰጠው ንጣፍ ደግሞ ከሰው ፀጉር ከመቶ እጥፍ በላይ የቀጠነ ነው። ሆዱ የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ነገር አባቶች በአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ ናቸው፤ ሥራቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ታንግ ከዚያ ቀደም በኦርጋኒክ ውህዶች የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ ሲመራመር የቆየ ሰው ነበር። ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪክ ወደ ብርሃን፤ አንድ መንገድ ነው፣ መሄጃና መመለሻው ብቻ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፕላስቲክ ዘር ብርሃን አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2000 ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ያገኙት ሂገር፣ ማክዲያርሚድና ሺራካዋ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

ይህን ሁሉ ሳነብ «የሩቅ አገር ተረት ነው» ብዬ ልተወው ነበር። ግን አይደለም። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተነሡ፣ እንደ ወንድምአገኝ ማሞና ሺመልስ አድማሴ ያሉ ተመራማሪዎች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በእነዚሁ ፕላስቲኮች ላይ ሠርተዋል፤ በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔቶችም አሳትመዋል። በተለይ የተመራመሩት የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው ወገን ነው። ቴሌቪዥን አልሠሩም። ሆኖም እናቴ ሳሎን የቆመው መስኮት የተሠራበትን የውህድ ቤተሰብ ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው አገር ውስጥ አለ። ይህን መርሳት ያስነውራል።

ከቤተ ሙከራ ወደ ገበያው መንገዱ ረዥም ነበር። ሶኒ የመጀመሪያውን ኦሌድ ቴሌቪዥን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ስፋቱ 11 ኢንች ብቻ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር። ኤልጂ እ.ኤ.አ. በ2013 ባለ 55 ኢንቹን መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ያው ኩባንያ ባለ 65 ኢንች ሆኖ ውፍረቱ 2.57 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በማግኔት ግድግዳ ላይ እንደ ሥዕል የሚለጠፍ ቴሌቪዥን አወጣ። በ2020 ደግሞ እንደ ሰሌን የሚጠቀለል ኦሌድ በደቡብ ኮሪያ ለሽያጭ ቀረበ፤ ዋጋው 100 ሚሊዮን የኮሪያ ዎን ነበር። ያንን የሚገዛ ሰው ዳንቴል እንደማያስጨንቀው እገምታለሁ።

ለእኛ ምን ይጠቅማል?

ጥቅሙን መካድ አልሻም። ብዙዎቻችን ሳናውቀው ኦሌድ በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2010 በመጀመሪያው ጋላክሲ ኤስ ስልኩ፣ አፕል ደግሞ በ2017 በአይፎን አሥር ይህን መስኮት ተጠቅመዋል፤ በ2019 የታጠፉት ስልኮች መምጣት የቻሉትም በዚሁ ቅጥነት ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት ስልኩን በጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ እንዲያሳይ ያደረገ ሰው ባትሪ ይቆጥባል፤ ጥቁሩ ነጥብ የጠፋ ጧፍ ነውና። ይህ በኤልሲዲ ስልክ አይሆንም።

ለቤትም ቢሆን ነገሩ ትርጉም አለው። በስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ባለ ትዳር ያ ሆዳም ሣጥን የሚይዘው ቦታ የአንድ ልጅ አልጋ እንደሚያህል ያውቃል። ደግሞ የእኛን ሳሎን አስቡት። መቀመጫው በግድግዳው ዙሪያ ነው፤ ቡና ሲፈላ ግማሹ እንግዳ ቴሌቪዥኑን የሚያየው ከጎን ነው። ብዙዎቹ ኤልሲዲዎች ከጎን ሲታዩ ቀለማቸው ይደበዝዛል። ኦሌድ ግን ከጎንም ሲያዩት ቀለሙን እምብዛም አይለውጥም። ለብቻው ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሚያይ ሰው ይልቅ፣ ተሰብስቦ በዙሪያው ለሚቀመጥ ቤተሰብ የተሠራ ይመስላል።

ታዲያ በአማርኛችን «ቀጭን እመቤት» የምንላት አለች፤ ሥራ የማትነካ፣ ፀሐይ የማይመታት፣ ሁሉ የሚሰግድላት። ኦሌድም ቀጭን እመቤት ነው። ፊት ለፊት ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ውስጥ ይፈዝዛል። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ውህድ ከሌሎቹ ቶሎ ያረጃል። አንድ ጣቢያ ከጠዋት እስከ ማታ ከፍቶ ለሚውል ቤት ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ በማዕዘኑ የማይነቃነቀው የጣቢያው ዓርማ ወይም ከታች ያለው የዜና ሰሌዳ ውሎ አድሮ ጥላውን በመስታወቱ ላይ ትቶ ሊቀር ይችላል። ከምሳ ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት የኳስ ውጤት ሰሌዳ እያሳዩ ለሚውሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች አልመክረውም። ከሁሉ በላይ ጠላቱ እርጥበትና አየር ነው። ውህዱ በመስታወት ታሽጎ ይኖራል፤ እሽጉ ከተሰነጠቀ አየርና እርጥበት ገብተው ጥቁር ነጠብጣብ እያሰፉ ይበሉታል።

እኛም ቤት የደረሰው ይኸው ነው። ወንድሜ በላከው በስምንተኛው ወር ትንሹ የእህቴ ልጅ ሪሞቱን ወርውሮ የታችኛውን ማዕዘን ሰነጠቀው። ስንጥቁ መጀመሪያ የጥፍር ያህል ነበር። በሦስተኛው ቀን ዙሪያው ጠቆረ። በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ መስኮት ምሽት ሆነ።

የልጅነቴ ጠጋኝ አሁንም አቃቂ ናቸው። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ በመደርደሪያው ላይ የሆዳሞቹ ቴሌቪዥኖች የኋላ ክዳኖች እንደ አሮጌ ጋሻ ተደርድረዋል። ጠረጴዛቸው ላይ ግን የሚሠራው አንድ ወጣት ነው፤ የስልክ መስኮት ይቀይራል። የቴሌቪዥናችንን ፎቶግራፍ በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩት።

«መብራት ቢያቃጥለው፣ የኃይል ቦርዱን ፈትቼ እሠራልሽ ነበር» አሉኝ። «መስታወቱ ከተሰነጠቀ ግን አበቃ። ይሄ ሆድ የለውማ፣ ልጄ! እጄን የት ላግባው?»

«መስታወቱ ለብቻው አይገኝም፣ ጋሼ?»

«ይገኝ ይሆናል። ዋጋው ግን የአዲሱን ቴሌቪዥን ሊደርስ ምንም አይቀረው።» ወደ ወጣቱ በአገጫቸው ጠቆሙኝ። «እሱ ጎበዝ ነው፤ በቀን አምስት ስልክ ይሠራል። ግን ጠይቂው፣ አንዱንም አይጠግንም። ይቀይራል። እኔ ስጠግን ኖርኩ፤ እሱ ሲቀይር ይኖራል። የቀየረውን የሚያውቀው ደግሞ የላከው ነው።»

ይህ ንግግራቸው የአቃቂን ሬዲዮ አስታወሰኝ። በ1928 ዓ.ም. የባዕድ መሣሪያ የእኛን ጉዳይ ተናገረ። ዛሬ መሣሪያው በቃሊቲ ጉምሩክ በኩል በኮንቴይነር ይገባል፤ ቅጥነቱ ያስደንቀናል፤ ሲሰነጠቅ ግን የምናውቀው ነገር የለም። በመጠገንና በመቀየር መካከል ያለው ርቀት የእውቀት ርቀት ነው። የሚጠግን ሰው የዕቃውን ጠባይ ያውቃል፤ የሚቀይር ሰው የዕቃውን ዋጋ ያውቃል። አንድ የእጅ ሙያ ከአንድ ሰፈር ሲጠፋ ደግሞ ማስታወቂያ አይለጠፍለትም። መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ ክዳኖች ብቻ ይቀራሉ።

ይህን ስል ወደ ሆዳሙ እንመለስ እያልኩ አይደለም። እትዬ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ የሚመኝ ካለ በር ላይ ጫማውን አውልቆ ያልለመነ ሰው መሆን አለበት። ያ መሰባሰብ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ እጦትም ነበር። ቀጭኑ መስኮት በየቤቱ ስለገባ ልጆቻችን ፊልም ለማየት የሰው ፊት አያዩም፤ ይህ ደግ ነገር ነው። ሰው መሰብሰብ ሲፈልግም መንገዱን አላጣም። ኳስ ሲኖር ዲኤስቲቪ ቤቱ ይሞላል፤ በ2013 ዓ.ም. የታደሰው የመስቀል አደባባይም ግዙፍ መስኮቶች ተተክለውለታል።

የምለው ሌላ ነው። ቅጥነት ብቻውን የዕቃ ሙያ ተደርጎ ሊወደስ አይገባም። እርሳስ የሚያህል ጠርዝ ለዓይን ያምራል፤ በጎን ሆኖ የሚያየው ግን ሱቅ ውስጥ ያለ ገዢ ብቻ ነው፤ ቤት ከገባ በኋላ ሁላችንም የምናየው ፊቱን ነው። ከቅጥነቱ ሁለት ጣት ያህል ተቀንሶ የሚፈታ ክዳን፣ የሚገኝ መለዋወጫ ቢሆንልኝ እኔ እመርጣለሁ። ይህ የድሀ አገር ምኞት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የቴሌቪዥን አምራቾች አንዳንድ መለዋወጫዎችን ቢያንስ ለሰባት ዓመት ለጠጋኞች እንዲያቀርቡ አስገድዷል። ባለጠጎቹ ይህን ከጠየቁ እኛ ለመጠየቅ ማፈር የለብንም። አቃቂ እኮ የመለዋወጫ ዕቃ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት! መለዋወጫ ማለት ምን እንደሆነ ለአቃቂ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቃሊቲ ላይ ዕቃው ሲገባ ቀረጡን ከማስላት ባሻገር «ይህ ሲሰበር በማን እጅ ይድናል?» ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴና ገዢ ቢበዛ፣ ያ የጋሼ ሱቅ ሌላ ትውልድ ይኖረው ነበር። ያ ወጣት እጁ ብልህ ነው፤ የጎደለው የሚከፈት ዕቃ ነው።

የተሰነጠቀው ቴሌቪዥን ዛሬ ከአልጋ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቀጭን ስለሆነ ቦታ አልያዘም፤ ይህንንም ጥቅሙን ልንመሰክርለት ይገባል። እናቴ በረንዳ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ የነበረውን ባለ ሆዱን አስገባች። ጋሼ አንድ ካፓሲተር ቀየሩለት፤ ሪሲቨሩን በቀይ፣ በነጭና በቢጫ ገመድ አገናኘንለት። አቧራውን ጠረገችው፤ ዳንቴሉን ዘረጋችበት፤ የሠርጉን ፎቶግራፍ መለሰች።

ሥዕሉ መጣ። ከዳር ዳር ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የእህቴ ልጅ ቀረብ ብሎ ኋላውን አየና፣ «አያቴ፣ እዚህ ውስጥ ምን አለ?» አላት።

«ጋሼን ጠይቃቸው» አለችው። «ቅዳሜ ሲመጡ ከፍተው ያሳዩሃል።»